ሦስተኛው ለውጥ፦ ስለ ፍሬን፣ ስለ መርፌና ስለ ሐዲድ

(በሀይሌ ጋርመንት ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

አዳራሹ ውስጥ ቀመር የሚያስፈራው ሰው እንደሚኖር ስለማውቅ፣ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ጥቂት ነው፤ የቀረውን በምናውቃቸው ነገሮች እንነጋገርበታለን።

የመጣሁት አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። ስለ እንቅስቃሴ ሲነሣ ፍጥነትን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትምህርት ቤት የቆየ ሰው ደግሞ ፍጥንጥነትን ያውቃል። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ የምናገረው ከዚያ በላይ ስላለው ደረጃ ነው፦ ፍጥንጥነቱ ራሱ ምን ያህል በድንገት እንደሚለወጥ ስለሚለካው መጠን። አውቶብስ ውስጥ ቆሞ የሚሄደውን ሰው የሚጥለው፣ የማሽን ብረት ከጊዜው በፊት እንዲደክም የሚያደርገው፣ የባቡር ሐዲድ በምን ቅርጽ መታጠፍ እንዳለበት የሚወስነው ይህ መጠን ነው። ዋናው ጉዳዬ ደግሞ ይህ ነው፦ በዚያው መንገድ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ መጠን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በበቅሎ ሲጓዝ የኖረን ሰው ይህ ስሌት አያሳስበውም ነበር። ዛሬ ግን ከተማችን በባቡር፣ በአሳንሰርና በፈጣን ማሽን መኖር ጀምራለች፤ ስለዚህ ልናውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ደረጃዎቹን እናያለን፤ ቀጥሎ በፍሬን፣ በመርፌና በሐዲድ ላይ እንፈትናቸዋለን፤ በመጨረሻም ተፈጥሮ ራሷ እስከ ስንተኛው ደረጃ ትሄዳለች የሚለውን እነካለሁ።

እንግዲህ ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ተነሥቶ ወደ ጀሞ የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ታክሲ እንውሰድ። ከአደባባዩ ስንት ሜትር እንደራቀ በየቅጽበቱ ብንመዘግብ ያገኘነው ቦታውን ነው። ያ ርቀት በየሴኮንዱ በስንት ይለወጣል ብለን ስንጠይቅ ፍጥነቱን እናገኛለን። ፍጥነቱስ በየሴኮንዱ በስንት ይለወጣል ስንል ፍጥንጥነቱን እናገኛለን፤ መለኪያው ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ዓይነቱን ጥያቄ ዴሪቬቲቭ በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ጠይቀን የምናቆምበት ሒሳባዊ ምክንያት የለም። ፍጥንጥነቱ በየሴኮንዱ በስንት ይለወጣል ብለን ሦስተኛ ጊዜ ስንጠይቅ ጀርክ የሚባለውን መጠን እናገኛለን፤ መለኪያው ሜትር በሴኮንድ ኪዩብ ነው። አራተኛው ደረጃ ስናፕ፣ አምስተኛው ክራክል፣ ስድስተኛው ፖፕ ይባላል። እነዚህ ሦስቱ ስሞች ከአንድ የአሜሪካ የቁርስ እህል ማስታወቂያ ገጸ ባሕርያት የተወረሱ ናቸው። ስማቸው እንዲህ ቢሆንም መጠኖቹ የምር ናቸው፤ ከስናፕ ጋር በኋላ እንገናኛለን።

እዚህ ላይ ለመምህራን አንድ ነገር ላንሣ። የፊዚክስ መጽሐፎቻችን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ አንድ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በ2 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ቋሚ ፍጥንጥነት ቢጓዝ ከ10 ሴኮንድ በኋላ የት ይደርሳል? መልሱ 100 ሜትር ነው፤ ተማሪው በቀላሉ ያገኘዋል። ነገር ግን ጥያቄው ውስጥ የተደበቀ አንድ የማይቻል ነገር አለ። መኪናው ሳይነሣ ፍጥንጥነቱ ዜሮ ነበር፤ ተነሣ በተባለባት ቅጽበት 2 ሆነ። በዜሮና በ2 መካከል ምንም ጊዜ አላለፈም። ይህ ማለት በዚያች ቅጽበት ጀርኩ ወሰን የለውም ማለት ነው። የትኛውም ሞተር፣ የትኛውም ጎማ ይህን ማድረግ አይችልም። ለልጅ ማስተማሪያ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መቀየር አለበት አልልም። ሆኖም የተተወው ነገር ምን እንደሆነ ለተማሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብንነግረው፣ ከሰሌዳ ወደ መንገድ ሲወጣ የሚያየውን ለመረዳት ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንምጣ። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስቀመጠው፣ በአንድ አካል ላይ ያረፈው ጉልበት ከአካሉ መጠነ ቁስና ከፍጥንጥነቱ ብዜት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ፍጥንጥነት ማለት የሚሰማን ግፊት ነው። ጀርክ ደግሞ ያ ግፊት ምን ያህል በድንገት እንደሚመጣና እንደሚሄድ ይነግረናል። ልዩነቱን ቆሞ የሚጓዝ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። አውቶብሱ በእኩል መጠን እየፈጠነ ከሄደ፣ ትንሽ ወደፊት አጋደል ብለን፣ አንድ እግራችንን አስቀድመን እንቆማለን፤ ግፊቱ ቢበረታም እንችለዋለን። የምንወድቀው ግፊቱ ሳንዘጋጅ ሲመጣ፣ ወይም የተዘጋጀንበት ግፊት በድንገት ሲጠፋ ነው። ጡንቻዎቻችን ሚዛን ለመጠበቅ የሚያደርጉት ምላሽ ለመጀመር ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ በፈጠነ ለውጥ ፊት ጠንካራውም ደካማውም እኩል ነው፤ የእጀታው ብረት ብቻ ያድናል።

የመጀመሪያው ፈተናችን ፍሬን ነው፤ ጥቂት ልቆይበት እፈልጋለሁ። ሚኒባሳችን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከኋላ «ወራጅ አለ» ተባለና ሾፌሩ ፍሬን ያዘ እንበል። በ3 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር መጠን ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ 3.7 ሴኮንድ ገደማ ፈጅቶ 21 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ታዲያ ተሳፋሪውን በኃይል የሚወዘውዘው የትኛው ቅጽበት ነው? ብዙ ሰው ፍሬኑ የተያዘበት ይመስለዋል። በደንብ ካስተዋልን ግን መኪናው የቆመበት ቅጽበት ነው። ፍሬኑ ሲያዝ ግፊቱ እየጨመረ የሚመጣው በጥቂቱም ቢሆን ቀስ እያለ ነው። መኪናው ሲቆም ግን ያ ሁሉ ግፊት ባንዴ ይጠፋል። ተሳፋሪው ወደፊት እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ተስቦ ነበር፤ የሚስበው ሲጠፋ በራሱ ጡንቻ ወደ ኋላ ይወረወራል። ፍጥነቱ ዜሮ በሆነበት ሰዓት ጀርኩ ትልቁን ቁጥር ይይዛል። ከ3 ወደ ዜሮ የተለወጠው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ከሆነ፣ ጀርኩ 30 ሜትር በሴኮንድ ኪዩብ ነው።

ጎበዝ ሾፌር ምን ያደርጋል? ሊቆም ሲል ፍሬኑን ላላ ያደርጋል። ይህን ማንም በቀመር አላስተማረውም፤ እግሩ ያውቀዋል። ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ግን ማስላት እንችላለን፤ ውጤቱ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በመጨረሻው አንድ ሴኮንድ ውስጥ ግፊቱን ከ3 ወደ ዜሮ በእኩል መጠን ቢያሳርፈው፣ ጀርኩ ከ30 ወደ 3 ይወርዳል፤ አሥር ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ለዚህ የሚከፈለው ተጨማሪ ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ነው። ተጨማሪው ርቀት ደግሞ 12 ሳንቲሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። በ21 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ጨምሮ፣ ሕፃን ያዘለች እናት እንዳትንገዳገድ ማድረግ ይቻላል። ልጅ መንገድ ውስጥ ዘሎ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ መያዝ አለበት፤ ስለ ጀርክ የሚታሰብበት ጊዜ አይደለም። እኔ የማወራው በቀን ስንት ጊዜ ስለሚደጋገመው ስለ ተራው አቋቋም ነው።

በመነሣት በኩልም ያው ነው። ፍሪሲዮን በድንገት ሲለቀቅ መኪናው የሚዘለው የጎማው ግፊት ከዜሮ ተነሥቶ ባንዴ ሙሉ መጠኑ ላይ ስለሚደርስ ነው። ጭነት መኪና ላይ ደግሞ ጉዳቱ የሚታየው በዕቃው ነው። በ2013 ዓ.ም. የአትክልት ገበያው ከጃን ሜዳ ወደዚህ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ፣ ከመቂና ከዝዋይ በኩል የሚመጣውን ቲማቲም ሲራገፍ ያላየ የሠፈራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። በሳጥኑ ሥር ያለው ቲማቲም የላይኛውን ክብደት ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሸክሞ ይመጣል፤ ክብደቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ብዙ አይጎዳም። የሚፈርጠው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ ያው ክብደት በቅጽበት ቀሎ በቅጽበት ሲከብድ ነው። የባሌስትራው ሥራ ጉድጓዱን ማጥፋት አይደለም፤ ለውጡን በረዘመ ጊዜ ላይ መበተን ነው።

ሁለተኛው ፈተናችን መርፌ ነው። የሠፈራችን ስም ልብስ ስፌትን ስለሚያነሣ ይህን ምሳሌ ሆን ብዬ መረጥሁት። የፋብሪካ ስፌት መኪና በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይሰፋል። መርፌው ከላይ እስከ ታች 3 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። በሴኮንድ ከ83 ጊዜ በላይ ወርዶ ይወጣል ማለት ነው። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው የሚሽከረከር ዘንግ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴው ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ጫፍ ሲቃረብ እየዘገየ፣ መካከሉ ላይ እየፈጠነ የሚሄድ ለስላሳ ሞገድ ነው። የሞገድ መልካም ባሕርይ ስንት ጊዜ ዴሪቬቲቭ ብንወስድለት ሞገድነቱን አለመተዉ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በወጣን ቁጥር በአንድ ቋሚ ቁጥር ይባዛል። ያ ቁጥር በእኛ መኪና 524 ገደማ ነው።

አሁን ደረጃዎቹን እንውጣ። የመርፌው ትልቁ ፍጥነት 7.9 ሜትር በሴኮንድ ያህል ነው፤ በሩጫ የሚሄድ ሰው ሊደርስበት ይችላል፤ አያስደነግጥም። ትልቁ ፍጥንጥነት ግን ከ4,100 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ይበልጣል፤ መሬት ዕቃን ወደ ራሷ ከምትስብበት ከ400 ጊዜ በላይ ነው። ጀርኩ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን ሜትር በሴኮንድ ኪዩብ በላይ ነው። ስናፑን ካሰላነው ከቢሊዮን ያልፋል። በሩጫ የሚደረስበት ፍጥነት ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲታይ እንዲህ ያለ ፍጡር ነው።

በየቤቱ ያለውን የፔዳል ሲንጀር ከዚህ ጋር እናስተያየው። በደቂቃ 500 ጊዜ ቢሰፋ፣ ከፋብሪካው መኪና በአሥር እጥፍ ይዘገያል። የመርፌው ፍጥነት አሥር ጊዜ ያንሳል፤ ፍጥንጥነቱ መቶ ጊዜ ያንሳል፤ ጀርኩ ሺህ ጊዜ ያንሳል። እናቶቻችን የወረሷት ሲንጀር ዘይት ጠብ እያደረጉላት ሁለት ትውልድ የምታገለግልበት አንዱ ምክንያት እዚህ ቁጥር ውስጥ አለ። የፋብሪካው መኪና ውስጥ ደግሞ ጨርቁን ከሥር የሚስበው ጥርስ በየስፌቱ መቆምና መነሣት፣ ክሩን የሚያጠብቀው ክንድም በየስፌቱ መዝለል አለበት። እነዚህን የሚገፉ ክፍሎች ቅርጽ በቀጥታ መስመርና በክብ ቁራጭ ብቻ ተስሎ ቢሠራ ኖሮ፣ መስመሩ ከክቡ ጋር በሚገናኝበት ነጥብ ሁሉ ግፊቱ ይዘል ነበር። በሴኮንድ 83 ጊዜ የሚዘል ግፊት በመጀመሪያ ድምፅ ይሆናል፤ ከዚያ ንዝረት፤ ከዚያም ስንጥቅ። ስለዚህ የማሽን ቅርጽ የሚነድፉ ባለሙያዎች ፍጥንጥነቱ ብቻ ሳይሆን ጀርኩም ሳይዘል እንዲሄድ አድርገው ይነድፉታል። ቆሞ ሲታይ ዐይን የማይለየው የብረት ጉብታ፣ ማሽኑ ሲሮጥ በጆሮ ይለያል።

ከመርፌ ወደ ሐዲድ እንሻገር። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ ለቡ ላይ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር የመንገደኞች ጣቢያ አለ። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀመረ። የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ የታቀደ ነው። ሐዲድ ላይ ጀርክ የሚመጣው ከፍሬን ብቻ አይደለም፤ ከመጠምዘዝም ነው። ባቡር ፍጥነቱ ሳይለወጥ እንኳ ሲታጠፍ ፍጥንጥነት አለው፤ አቅጣጫው እየተለወጠ ነውና። መጠኑ የፍጥነቱ ስኩዌር ለክቡ ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቀጥ ያለው ሐዲድ በድንገት ክብ ቁራጭ ላይ ቢገጠም፣ ይህ የጎን ግፊት ባቡሩ መገጣጠሚያውን ባለፈባት ቅጽበት ከዜሮ ተነሥቶ ሙሉ መጠኑን ይይዛል። ሐዲዱን ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው መገጣጠሚያው ለስላሳ ነው፤ ምንም ስብራት አይታይበትም። ተሳፋሪው ግን በወገቡ ያውቀዋል፤ የሐዲዱ ማሰሪያና የጎማው ብረትም ያውቁታል።

መፍትሔው በቀጥታው መስመርና በክቡ መካከል ሌላ ቁራጭ ማስገባት ነው፦ ከቀጥታነት ተነሥቶ በየሜትሩ በእኩል መጠን እየታጠፈ የሚሄድ ጥምዝ። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዓመት መርምሮታል፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ አርተር ታልቦት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ለባቡር ሐዲድ ሥራ አስፋፍቶ ጻፈበት። ይህ ጥምዝ ሌላም ጥቅም አለው። በመጠምዘዣ ላይ የውጭኛው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ ብሎ ይነጠፋል፤ ብረት ደግሞ ባንዴ ደረጃ ሠርቶ ሊወጣ አይችልም። ከፍታው ቀስ እያለ የሚጨምረው በዚሁ መሸጋገሪያ ላይ ነው።

ርዝመቱስ ስንት ይሁን? እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ዊሊያም ሾርት እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም በመንገድና በሐዲድ ንድፍ መማሪያዎች ውስጥ አለ፦ የጎን ፍጥንጥነቱ በየሴኮንዱ ከ0.3 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር በላይ እንዳይጨምር። እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። የሐዲዱን ማጋደል ለጊዜው ትተን፣ ሬዲየሱ 1,200 ሜትር የሆነ መጠምዘዣን እንደ ምሳሌ እንያዝ። ባቡሩ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 13 ሜትር ያህል መሸጋገሪያ ይበቃዋል። በሰዓት 120 ከሆነ ግን 103 ሜትር ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ መሸጋገሪያው ስምንት እጥፍ ሆነ። መርፌው ላይ ያየነው ሕግ ነው፤ እዚህ ደግሞ በመሬትና በካሳ ይከፈላል። ፈጣን መንገድ ሰፊ ቦታ የሚፈልገው፣ ቀድሞ በጠበበ ቦታ የታጠፈን መስመር በኋላ ማፍጠን የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ሾርት አንድ ነገር ልጨምር። ሾርት ወደዚህ ጥናት የገባው እ.ኤ.አ. በ1906 በሶልስበሪ ከተማ 28 ሰዎች ከሞቱበት የባቡር አደጋ በኋላ ነበር። ባቡሩ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ በተፈቀደበት መጠምዘዣ ላይ እጅግ ፈጥኖ ገብቶ ነበር።

እኛም የራሳችን ሐዘን አለን። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሮጌው የምድር ባቡር መስመር ላይ፣ አዋሽ አጠገብ፣ አንድ የመንገደኞች ባቡር ወደ ድልድይ በሚያስገባ መጠምዘዣ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወደቀ፤ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን የማነሣው ሁለቱ ነገሮች እንዳይምታቱ ነው። የአዋሹ አደጋ የጀርክ ጉዳይ አይደለም፤ የሁለተኛው ደረጃ ነው። ፍጥነቱ መጠምዘዣው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ በመሆኑ፣ መሸጋገሪያው የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን አያድነውም ነበር። ጀርክ መቀነስ ምቾትን፣ የመሣሪያን ዕድሜና ሚዛን መጠበቅን ይሰጣል። የፍጥነት ገደብን ግን የትኛውም ጥምዝ አይተካውም። ስለ ሦስተኛው ደረጃ ስናወራ ሁለተኛውን የምናቃልል እንዳይመስል ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው።

አሳንሰርንም በአጭሩ ላንሣ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ ያለ ፈጣን አሳንሰር ሆድ ሳያንሳፍፍ የሚወጣው፣ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተር ፍጥንጥነቱን ከዜሮ ቀስ አድርጎ ስለሚያነሣና ቀስ አድርጎ ስለሚያወርድ ነው። ጎበዝ ሾፌር በእግሩ የሚያደርገውን እዚያ ኮምፒዩተር ያደርገዋል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደርሰናል። ተፈጥሮ ራሷ ስንት ደረጃ ታውቃለች? የኒውተን ሕግ የሚናገረው ስለ ሁለተኛው ደረጃ ብቻ ነው። የአንድን ድንጋይ ቦታና ፍጥነት አሁን ካወቅን፣ የሚያርፍበትንም ጉልበት ካወቅን፣ ወደፊት የት እንደሚሆን ማስላት እንችላለን። ጀርኩን ለብቻው መጠየቅ አያስፈልገንም፤ ከሕጉ ይወጣል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። የሒሳብ ሊቁ ሚኻይል ኦስትሮግራድስኪ እ.ኤ.አ. በ1850 እንዳሳየው፣ የእንቅስቃሴ ሕግ ከሁለተኛው ደረጃ በላይ እንዲወጣ ከፈቀድን፣ በአብዛኛው የሥርዓቱ ኃይል ወደ ታች ወለል የሌለው ይሆናል። እንዲህ ያለ ዓለም ሊረጋ አይችልም። አንድ ቦታ ላይ ግን ጀርክ ሕጉ ውስጥ ራሱ ብቅ ይላል። ኤሌክትሮን ሲናወጥ ብርሃን ይረጫል፤ ያ ብርሃን ኤሌክትሮኑን መልሶ ይገፋዋል። አብርሃምና ሎሬንትዝ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ያወጡት ቀመር ይህ ግፊት ከጀርኩ ጋር እንደሚመጣጠን ይናገራል። ቀመሩ በብዙ ሁኔታ በትክክል ይሠራል። ነገር ግን እስከ ጫፍ ከተገፋ፣ ማንም ሳይነካው እየፈጠነ የሚሄድ፣ ወይም ጉልበቱ ሳይደርስበት አስቀድሞ የሚነሣ ኤሌክትሮን ያወጣል። የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል።

ሰማዩንም ተመልክተን ደረጃዎቹን እናገኛለን። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በ1929 ጋላክሲዎች እየራቁን መሆናቸውን አስታወቀ፤ ያ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የፈነዱ ከዋክብትን የሚያጠኑ ሁለት ቡድኖች የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ሁለተኛው። እ.ኤ.አ. በ2004 አዳም ሪስና ባልደረቦቹ በጣም ሩቅ የሆኑትን ፍንዳታዎች መርምረው መስፋፋቱ ቀድሞ እየዘገየ እንደነበርና በኋላ ወደ መፍጠን እንደተለወጠ አሳዩ። ይህ ሦስተኛው ነው።

ስናፕን ደግሞ የምናገኘው በድሮን ላይ ነው፤ ወጣቶች ይህን በደንብ ስሙኝ፤ የዛሬ ሥራ ነውና። ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ወደ ጎን መሄድ ሲፈልግ በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ ያጋድላል። ያጋደለበት መጠን ፍጥንጥነቱን ይወስናል። ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያጋድል ደግሞ ጀርኩን ይወስናል። የማጋደሉን ፍጥነት የሚለውጡት ሞተሮቹ ናቸው፤ ስለዚህ ሞተሮቹ የሚታዘዙት በቀጥታ አራተኛውን ደረጃ ነው። ሜሊንገርና ኩማር የተባሉ የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ድሮን በጠባብ ቦታ እንዲያልፍ መንገዱን ሲነድፉ፣ ከሚቻሉት መንገዶች ሁሉ ጠቅላላ ስናፑ ትንሹ የሆነውን መረጡ። ዘዴው ዛሬ በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ስሙን ከቁርስ እህል ያገኘው መጠን የሞተር ትእዛዝ ሆኗል።

ከመለያየታችን በፊት ለተማሪዎች የሚሞከር ነገር ልስጥ። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ፍጥንጥነትን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለው። በጀርመን የአኽን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፋይፎክስ የሚባል ነጻ መተግበሪያ ንባቡን በግራፍ ያሳያችኋል፤ ቁጥሩንም አውጥታችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ጀርክን ለማግኘት የተከታታይ ንባቦችን ልዩነት በመካከላቸው ላለው ጊዜ ማካፈል ነው። ሆኖም ወዲያው አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ስልኩ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚያነብ ከሆነና እያንዳንዱ ንባብ በ0.05 ከፍ ዝቅ ቢል፣ ያ ትንሽ ስሕተት ለአንድ መቶኛ ሴኮንድ ሲካፈል 5 ሜትር በሴኮንድ ኪዩብ ይሆናል፤ የሾርትን 0.3 ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ደረጃ በወጣችሁ ቁጥር ስሕተቱም አብሯችሁ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የየግማሽ ሴኮንዱን አማካይ ውሰዱ፤ ልዩነቱን የምትወስዱት ከዚያ በኋላ ነው። በሚኒባስ፣ በቃሊቲው ቀላል ባቡርና በአሳንሰር ሞክሩት፤ ሦስቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጡና መቆሚያዎቹን ተመልከቱ። ስልኩን ግን በእጃችሁ አትያዙት፤ ወለሉ ላይ ወይም መቀመጫው ላይ አጥብቃችሁ አሳርፉት፤ አለበለዚያ የምትለኩት የራሳችሁን ክንድ ነው።